የእኛ ልጆች ዘንድሮ

ናሽቪል፣ ቴነሲ
ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እናትህስ እንዴት ናቸው? ቤተሰቡ ሁሉ ሰላም ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም።

ለገና የላክህልኝ መልእክት ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች። «እንኳን አደረሳችሁ። የእኛ ልጆች ዘንድሮ እንዴት ናቸው?» አራት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ዝምታ መሐላችን ተጋርጦ ሳለ አንዲት የወቀሳ ቃል አልጨመርክባትም። ደጋግሜ አነበብኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው። የአባትህን ማረፍ የሰማሁት አርባቸው ካለፈ በኋላ ነበር። «አሁን በምን አፌ እደውላለሁ» እያልኩ አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሳምንቱ ወር ሆነ፤ ወሩም ዓመት ወለደ። እኔንም እንደ ልጃቸው ያዩኝ የነበሩ ሰው ናቸው። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። ይህን ነገር በወረቀት አልጨርሰውም፤ ድምፅህን እየሰማሁ ነው የምናገረው።

ባለቤቴ መልእክትህን አይታ ስለ ልጆቻችን የጠየቅህ መስሏት «ደህና ናቸው፣ አድገዋል በለው» አለችኝ። «የእኛ ልጆች» ስንል የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲን የቤዝቦል ቡድን ማለታችን እንደሆነ ከእኔና ከአንተ በቀር ማን ያውቃል? ስለዚህ የጠየቅኸኝን አንድ በአንድ ልንገርህ፤ ጊዜ ወስጄ ነው የምጽፍልህ።

ውድድሩ ዓርብ የካቲት 6 ቀን ይጀመራል፤ ሦስት ሳምንት ብቻ ቀረው። እዚህ ብርዱ ገና አልለቀቀም። ቢሆንም ከሥራ ስወጣ ሆን ብዬ በሜዳቸው በሃውኪንስ በኩል እዞራለሁ፤ አንዳንድ ቀን የብረት ዱላ ኳስ ሲመታ ከአጥሩ ጀርባ ይሰማኛል። ያን ጊዜ መኪናዬን ጥግ አስይዤ መስኮቱን ዝቅ አደርጋለሁ። ባጭሩ ንገረኝ ካልከኝ፦ መወርወሩ ያኮራል፣ መምታቱ ያሳስባል። ረጅሙን ለመናገር ግን ካቻምና ሳይሆን አምና ከሆነው መጀመር አለብኝ።

አምና ግንቦት 17 ቀን አላባማ ውስጥ ሁቨር ላይ ኦል ሚስን፣ ማለትም የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲን፣ 3 ለ 2 አሸንፈው የምንወዳደርበትን የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ፣ የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስን ዋንጫ ወሰዱ። በማግስቱ የአገር አቀፉ ውድድር ምድብ ሲወጣ ከ64ቱ ቡድኖች አንደኛ ተብለው ተመደቡ። አንደኛ! ያን ቀን አንተን ባገኝህ ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ዙርም እዚሁ እኛው ሜዳ ላይ ሆነ። ዓርብ ራይት ስቴትን 4 ለ 3 አሸነፉ። ቅዳሜ በሉዊቪል 3 ለ 2 ተሸነፉ። እሑድ ያው ዓርብ ያሸነፉት ራይት ስቴት 5 ለ 4 አሸንፎ አሰናበታቸው። የውድድሩ አሠራር 64 ቡድኖችን መያዝ ከጀመረበት ከእ.ኤ.አ. 1999 ወዲህ፣ አንደኛ ተብሎ የተመደበ ቡድን የምድቡ ፍጻሜ ላይ እንኳ ሳይደርስ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው ነው።

እሑድ ሜዳው ውስጥ ነበርኩ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሰው ቶሎ አልወጣም። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት የውጤት መመዝገቢያ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ የመጨረሻዋን ባዶ ሣጥን በእርሳስ እስኪሞሉ ድረስ ቀና አላሉም። ከዚያ ደብተሩን ዘግተው «ደህና ክረሙ» ብለውኝ ሄዱ። እኔም እግሬ እምቢ ብሎኝ ትንሽ ቆየሁ። ያ የምታውቀው፣ የጨዋታውን ዘጠኙንም ዙር ሲያፏጭ የሚውለውና አንተ «ከብት ያገደ ሰው ነው» ትለው የነበረው ተመልካች እንኳ ጸጥ ብሎ ነበር።

ሦስቱም ጨዋታዎች በአንድ ነጥብ ልዩነት ያለቁ መሆናቸውን ልብ በል። በሦስቱ ቀን 11 ነጥብ ተቆጠረባቸው፣ 10 አስቆጠሩ። በሦስት ቀን 11 ነጥብ ብቻ ያስቆጠረ ባላጋራ ሊያሸንፍህ አይገባም ነበር። ወርዋሪዎቹ የድርሻቸውን ተወጥተዋል፤ ዱላው ነው ያልታዘዘው። ለነገሩ ሉዊቪል እኛን አልፎ የአገሪቱ ዋንጫ የሚለይባት ኦማሃ ድረስ ሄዷል፤ መናኛ ቡድን አልነበረም። ይህ ግን የእኔን ሐዘን አላቀለለውም።

ደግሞ የአንድ ዓመት እክል ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅኩ። አብረን በቴሌቪዥን ያየነው የእ.ኤ.አ. 2021 ፍጻሜ፣ በሚሲሲፒ ስቴት የተሸነፍንበት፣ ወደ ኦማሃ የሄዱበት የመጨረሻው ጊዜ ነው። አንተ ከሄድክ ወዲህ በ2022 ኦሪገን ድረስ ሄደው ኮርቫሊስ ላይ ቀሩ፤ በ2023 በገዛ ሜዳቸው ተሰናበቱ፤ በ2024 ክሌምሰን ላይ፤ በ2025 ደግሞ የነገርኩህ ሆነ። አራት ዓመት በተከታታይ ከመጀመሪያው ዙር አላለፉም። በሌላ በኩል ከ2006 ጀምሮ ወደ አገር አቀፉ ውድድር ሳይገቡ የቀሩበት ዓመት የለም፤ በወረርሽኙ የተነሣ ውድድሩ ያልተካሄደበትን 2020ን ትተን ማለት ነው። ከበሩ የሚያደርስ እግር አላቸው፤ በሩን የሚያልፍ ጉልበት ነው የጠፋው። ስለዚህ ዘንድሮ በመጋቢትና በሚያዝያ ስንት ጨዋታ አሸነፉ የሚለው እኔን ብዙ አያስደስተኝም። የማየው ግንቦት ሲያልቅ ያለችውን አንዲት ቅዳሜና እሑድ ነው።

አሁን ስለ ወርዋሪዎቹ። ጄ ዲ ቶምፕሰን፣ ያ ግራኙ፣ ሄዷል፤ የፕሮፌሽናል ቡድኖች አዲስ ተጫዋች ሲመርጡ ሚልዋኪ በምርጫው ሁለተኛ ዙር ወስዶታል። ኮዲ ቦውከርም ወደ ፕሮፌሽናሉ ተሻግሯል። ሁለት ዋና ወርዋሪ በአንድ ክረምት ማጣት ለሌላ ቡድን መርዶ ነው። ለእኛ ግን ያን ያህል አልደነገጥኩም፤ ምክንያቱም ኮነር ፌነል አለ። ከዴይተን ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ የመጣ ልጅ ነው። ብታየው እንደምትወደው አውቃለሁ። ኳሱ እንደ ቀድሞው ወርዋሪያችን እንደ ሮከር አያስፈራም፤ ከእሱ ፈጥነው የሚወረውሩ ብዙ ናቸው። ግን መቺው ዱላውን ሲያወዛውዝ ኳሷ እዚያ የለችም። ኳሷን የሚያሳርፍበትን ቦታ መርጦ፣ ፍጥነቷን አቀያይሮ፣ ሰውየውን በገዛ ችኮላው ያስቀጣዋል። አባትህ ዳማ ሲጫወቱ ልክ እንደዚህ ነበሩ፤ ጠጠሩን ሰጥተውህ ሁለት ይበሉብሃል። እንደ እኔ ግምት በየሳምንቱ መጨረሻ የመጀመሪያውን፣ የዓርቡን ጨዋታ ኃላፊነት መሸከም ያለበት እሱ ነው። ከኋላው ኦስቲን ናይ አለ፤ አምና የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር፣ ዘንድሮ ትከሻው የሰፋ ይመስለኛል።

ስለ ወርዋሪ ሳወራ ያቺ ሌሊት ትመጣብኛለች፤ ሰኔ 1 ቀን 2011 ዓ.ም.። ከፓርኪንጉ ሥራ የደንብ ልብሳችንን ሳናወልቅ የሄድን ቀን። ከዋዜማው ዱክ 18 ለ 5 አሸንፎን ነበር፤ ያን ማታ ብንሸነፍ ዓመቱ ያበቃ ነበር። ኩማር ሮከር ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው። አንተ በጨዋታው አምስተኛ ዙር ላይ ክንዴን ይዘህ «አንድም ሰው እኮ አልመታውም» ስትለኝ፣ ከፊታችን የነበረው ሰውዬ ዞሮ በጣቱ አፉን ዘጋ፤ እንዲህ ያለ ነገር ጨዋታው ሳያልቅ አይነገርም፣ ገድ ያበላሻል። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አልተናገርክም። 131 ኳስ ወረወረ፤ 19 ሰው ሦስት ሦስት ስትራይክ እያስቆጠረ አስወጣ፤ አንድም መቺ በምት ቤዝ አልያዘም። 3 ለ 0። ያ ስላይደር የሚሉት ኳሱ እስከ መቺው እግር ድረስ ቀጥ ብሎ ይሄድና ከጠረጴዛ ላይ እንደተገፋ ብርጭቆ ቁልቁል ይወድቅ ነበር። ከዚያ ተነሥተው ነው በዚያው ዓመት፣ በእ.ኤ.አ. 2019፣ ሁለተኛውን ዋንጫ ከኦማሃ ያመጡት፤ በ59 ድል። ሮከርና ጃክ ላይተር አሁን ሁለቱም ቴክሳስ ሬንጀርስ ናቸው፤ እንደገና አንድ ቡድን ውስጥ ገቡ። ይህን ሳትሰማ ቀርተህ ከሆነ ደስ ይበልህ።

እንግዲህ የሚያሳስበኝ ነገር ላይ ደረስኩ። መቺዎቹ። አር ጄ ኦስቲንን ባልቲሞር ወስዶታል፤ በሩጫውም በዱላውም ቡድኑን የሚያነቃ ልጅ ነበርና ቦታው በቀላሉ አይሞላም። የቀሩት ግን ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ሦስተኛው ቤዝ ላይ ብሮዲ ጆንስተን አለ። አምና በመጀመሪያ ዓመቱ ሆም ራን እየመታ ኳስ ከአጥር ውጭ ሲልክ የነበረ፣ ጉልበቱ ከዕድሜው የቀደመ ልጅ። ብሬደን ሆልኮምም አለ፤ ቁመቱና ትከሻው ለዚህ ጨዋታ የተሠራ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ የተነሡ ቀን ማንም አያቆማቸውም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ጥቅምት ውስጥ ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ እርስ በእርሱ ሲጫወት ልጄን ይዤው ሄጄ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ሯጭ ቆሟል፣ ገና አንድ ሰው ብቻ ነው የወጣው። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያስፈልገው ኳሷን ወደ ሩቁ ሜዳ ከፍ አድርጎ መላክ ብቻ ነው፤ ተይዛ ብትቀር እንኳ ሯጩ ገብቶ ነጥብ ያስቆጥራል። ተራው የደረሰው ልጅ ሁለት ጊዜ ባለ በሌለ ጉልበቱ ሰንዝሮ ሳተ። ሁለት ስትራይክ ሆነ። እኔ በልቤ «አበቃ» አልኩ። ልጁ ግን ከቦታው ወጣ አለና እጁን ዱላው ላይ ሦስት ጣት ያህል ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ያዘ፤ እግሩን ጠበብ አድርጎ ቆመ። ቀጣዩን ኳስ አልመታውም፣ ነካው ብል ይሻላል። ኳሷ ቀስ ብላ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ተንከባለለች፤ እሱ ወጣ፣ ሯጩ ግን ገባ። ሲመለስ ጓደኞቹ ሆም ራን እንደመታ ሰው ተቀበሉት። ልጄ «ወጥቶ ለምንድን ነው የሚያጨበጭቡለት?» አለኝ። አስረዳሁት። አምና ግንቦት ውስጥ እንዲህ ያለች አንዲት ተንከባላይ ኳስ ቅዳሜ ብትገኝ፣ አንዲት ደግሞ እሑድ ብትገኝ፣ ዛሬ ሌላ ደብዳቤ ነበር የምጽፍልህ። ስለዚህ ዘንድሮ ስንት ሆም ራን መቱ ብለህ አትጠይቀኝ። ሁለት ስትራይክ ከተቆጠረባቸው በኋላ ዱላቸውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው የሚይዙት ስንቱ ናቸው ብለህ ጠይቀኝ።

አሰልጣኝ ቲም ኮርቢን ይህ 24ኛ ወቅቱ ነው። ያው ነው፤ ልጆቹን ክፍል ውስጥ ሰብስቦ ደብተር አስይዞ ያስተምራል። ከአራቱ ዓመታት በኋላ «ዘመኑ አለፈበት» የሚሉ ሰዎች እዚህ መጥተዋል፤ አልስማማም። ወረወሩ፣ ሮጡ፣ ሥርዓት አከበሩ፤ ይህን ሁሉ እሱ ነው ያስተማራቸው። መምታትን ደግሞ እንደዚያው አጥብቆ እንዲይዘው ብቻ ነው የምፈልገው።

አንተ ከሄድክ በኋላ የተለወጠ ትልቅ ነገር አለ። ያ «ነጥብ ሰባት ሰው ማን ነው?» እያልክ ትጠይቀኝ የነበረው፣ ለአንድ ቡድን በሙሉ የሚፈቀደው 11.7 ስኮላርሺፕ ቀረ። ድሮ ያችን ለብዙ ልጆች ቆራርሰው ነበር የሚያካፍሏት፤ አንዱ ሩቡን፣ አንዱ ግማሹን ይዞ የቀረውን ቤተሰቡ ይከፍል ነበር። አሁን አንድ ቡድን ከ34 ተጫዋች በላይ መያዝ አይችልም፤ ለ34ቱም ግን ሙሉ ስኮላርሺፕ መስጠት ይፈቀድለታል። የድሃ ልጅ ደጁ ተከፈተለት ማለት ነው፤ በዚህ ደስ ብሎኛል። የሚከፋኝ ደግሞ አለ፤ ቀድሞ እስከ 40 ይይዙ ስለነበር፣ አንድ ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚበስል ልጅ ቦታ ነበረው። አሁን ጊዜ የሚሰጠው የለም። ካልተጫወተ በዝውውሩ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ስሙን ለምደህ ሳትጨርስ በሌላ ማሊያ ታየዋለህ። ዝውውሩን ልራገም ስል ግን ፌነልን ያመጣልን ያው ዝውውር ነውና አፌን እይዛለሁ።

ባላጋራዎቹማ ምን ይነገራል። ኮንፈረንሱ አሁን 16 ቡድን ሆኗል፤ ቴክሳስ አምና ገብቶ በመጀመሪያ ዓመቱ የመደበኛውን ውድድር አንደኝነት ወሰደ። ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ የአገሪቱ ዋንጫ ከዚህ ኮንፈረንስ ወጥቶ አያውቅም፤ እኛ፣ ሚሲሲፒ ስቴት፣ ኦል ሚስ፣ ኤል ኤስ ዩ (ሉዊዚያና ስቴት)፣ ቴነሲ፣ ደግሞ አምና ኤል ኤስ ዩ። የጎረቤታችን የቴነሲ አሰልጣኝ ቶኒ ቪቴሎ ደግሞ ባለፈው ጥቅምት ጉድ አሰኘን፤ በፕሮፌሽናል ቡድን ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራ የሳን ፍራንሲስኮ ጃይንትስ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሄደ። በከተማቸው በኖክስቪል ያበሳጨን ሰው ቢሆንም ለኮሌጅ ቤዝቦል ትልቅ ክብር ነው። በእሱ መሄድ ቴነሲ ይደክማል ብዬ አልጠብቅም።

ታዲያ ፍርዴን ስጥ ብትለኝ፦ ወደ አገር አቀፉ ውድድር ይገባሉ፤ በዚህ አልጠራጠርም። ፌነል ጤና ከሆነ ዓርብ ዓርብ ከማንም ጋር ይተናነቃሉ። እሑድ ላይ ሦስተኛው ወርዋሪ ማን እንደሚሆን እስከ መጋቢት አይለይም፤ እዚያ ላይ ጥቂት ጨዋታ እናጣለን። የመጀመሪያውን ዙር ግን ዘንድሮ ያልፋሉ እላለሁ። የምለው በምኞት ብቻ አይደለም፤ ያቺን ውርደት በገዛ ሜዳቸው የቀመሱት ጆንስተንና ጓደኞቹ ስላሉ ነው። ኦማሃን ቃል አልገባልህም። ከኦማሃ በፊት ያለችውን በር ካለፉልኝ ለዚህ ዓመት ይበቃኛል።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ልትሄድ ስትል የሰጠኸው የቆዳ ጓንት ትዝ ይልሃል? ያን ጊዜ እጁን አስገብቶ ሲያነሣው ከክርኑ በታች ያለው ክንዱ በሙሉ ይጠፋ ነበር፤ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልነው። ባለፈው ወር ራሱ አውርዶ አመጣው። ቆዳው ደርቆ ነበር። ሦስት ማታ ዘይት እየቀባን አሸነው፤ መሐሉ ላይ ኳስ አስገብተን በገመድ ጠፍረን ከትራሱ ሥር አሳደርነው። አሁን ይታጠፋል፤ እጁም ልክ ነው። ባለቤቴ አንሶላው ዘይት ጠጣ ብላ ተቆጥታን ነበር፣ ግን እሷም ማታ ማታ ደርቆ እንደሆነ በጣቷ ስትነካው አይቻታለሁ። ያንኑ ጓንት ይዞ በመጀመሪያው የሜዳችን ጨዋታ በግራ በኩል ካለው ከረጅሙ ግድግዳ ወዲህ እንቀመጣለን፤ የበረረች ኳስ ብትመጣ ሊይዝ።

የዓርቡ ጨዋታ በእኛ ከቀኑ 10፡30 ላይ ቢጀመር በእናንተ ከሌሊቱ 7፡30 ይሆናል። አንተ ተኛ። እንዳለቀ ውጤቱን እጽፍልሃለሁ፤ ስትነሣ ታገኘዋለህ። ስልክ ግን ከየካቲት በፊት ነው የምደውለው፤ በዚህ ቅዳሜ፣ በእናንተ ማታ። እናትህም አጠገብህ ይሁኑልኝ፤ መጀመሪያ እሳቸውን ላጽናና፣ ከዚያ አንተን ስጠኝ።

አክባሪ ወንድምህ
ከናሽቪል